ለመሸበት መንገደኛ ያልተጻፈ መጽሐፍ

ዛሬ የምሔሰው መጽሐፍ ደራሲ የለውም። ሽፋኑን ገልጬ ፈልጌያለሁ፤ የለም። ገጸ ባሕርይም፣ ታሪክም፣ ስንኝም የለውም። ቁጥር፣ ምልክትና ኮከብ የሞላበት ዝርዝር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ "መምህር፣ በዚህ ላይ ልጻፍ?" ቢለኝ ኖሮ "ሂድና ሥነ ጽሑፍ ይዘህ ና" ብዬ እመልሰው ነበር። አሁን ያንን ተማሪ ይቅርታ ብጠይቀው ደስ ይለኛል። ልብ ወለድ ቢያሳስተን የምናጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ቢያሳስተን ግን ጨለማ ሜዳ ላይ ጥሎን ይሄዳል።

መጽሐፉ በመካከለኛው አሜሪካ የሣር ምድር፣ እነሱ ፕሬሪ በሚሉት አገር፣ ድንኳን ተክለው ወይም መኪና አቁመው የሚያድሩባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር መምሪያ ነው። ስሙን አልጠራም። ወንድሞቹን አገላብጬ አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ያው ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ዴንቨር የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እቴቴ ነው የምላት። እዚያው የተወለደው ልጇ፣ "ጋሼ፣ ምን ማየት ትፈልጋለህ?" ሲለኝ "ሣር" አልኩት። ሳቀብኝ። እውነቴን ነበር። በ1918 የታተመውን የዊላ ካተርን "ማይ አንቶኒያ" ስንት ዓመት ሳስተምር፣ የነብራስካን ሣር ሳላየው እንዳየሁት ሆኜ ስተነትን ኖሬያለሁ። ጉዳዩ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ልጁም አሰበና "እንግዲያው ወደ ካንሳስ እንንዳ፤ ሁለት ሌሊት ካምፕ እናድራለን" አለ።

እቴቴ ቡናውን እያፈላች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችው።

"ካምፕ? እኔ ካምፕ አላድርም።"

ልጁ አልገባውም፤ እኔ ገባኝ። እቴቴ በ1984 በእግሯ ሱዳን የገባች ሴት ናት። ገዳሪፍ አጠገብ በድንኳን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ኖራ ነው ወደ አሜሪካ የተሻገረችው። በእኛ ቋንቋ ካምፕ የሚለው ቃል ሽርሽር የሚባል ነገር አያውቅም። የጦር ካምፕ አለ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ አለ፣ የስደተኛ ካምፕ አለ። ሰው ለመዝናናት ብሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ካምፕ ይገባል ብትሏት እቴቴ ትስቅባችኋለች።

እኔም አስተማሪነቴ አልለቅ ብሎኝ "እቴቴ፣ ካምፕ ማለት እኮ ሰፈር ማለት ነው" ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። ሰፈር ከሰፈረ የመጣ ነው፤ አዲስ አበባም ውስጥ እገሌ ሰፈር የምንለው የራሶቹና የደጃዝማቾቹ ጦር ድንኳን የተከለበት ቦታ ነበር፤ እያልኩ ቀጠልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና "ሰፈር ከሆነ ጎረቤቱ የታለ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መጨረሻ ላይ ግን "እናንተን ማን ያበላችኋል?" ብላ ዳቦና ቆሎ ቋጥራ መኪና ውስጥ ገባች።

ልጁ የሚያምነው ስልኩ ላይ ያለውን አፕሊኬሽን ነው። እኔ የወረቀት ሰው ነኝና መምሪያውን ገዛሁ፤ መንገድ ላይም ልክ እንደ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ያዝኩ።

አንድን ጽሑፍ ለመረዳት የመጀመሪያው ጥያቄ ለማን ተጻፈ የሚለው ነው። የዚህ መጽሐፍ አንባቢ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ገጽ በቂ ነው። ከተሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሥር የኤሌክትሪኩ ኃይል ይጻፋል፤ 30 አምፒር፣ 50 አምፒር። ከዚያ ዋይፋይ፣ መዋኛ ገንዳ፣ የውሻ መናፈሻ፣ የመኪናው ርዝመት እስከ ስንት ጫማ። በመጨረሻ ኮከብ። አንባቢው እንግዲህ አውቶቡስ የሚያክል፣ ውስጡ አልጋም ምድጃም ሽንት ቤትም ያለው መኪና የሚነዳ ሰው ነው። ቤቱን ይዞት ይዞራል፤ የሚፈልገው ሶኬት ብቻ ነው። ድንኳን የያዘ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ መነጽር ላላደረገ አትታይም።

በሀይዌይ 70 ወደ ምሥራቅ ስትነዱ ካንሳስ ከገባችሁ በኋላ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። ይህን መጽሐፉ አልነገረንም። ሁለት ሰዓት ብርሃን ቀረን ስንል አንድ ብቻ ቀርቶን ነበር። በዚያ ላይ ቀኑ ዓርብ ነው፤ እሑድን ተሻግሮ ሰኞ የጦር ሙታን መታሰቢያ በዓል ስለሆነ አገሩ ሁሉ ድንኳኑን ይዞ ወጥቷል።

ሜዳው ለዓይን ወሰን የለውም። ባዶ ይመስላል። ልጁን "ለምን እዚሁ መንገድ ዳር አንተክልም?" ብለው "ጋሼ፣ በሽጉጥ ያባርሩናል" አለኝ። አጋነነ እንጂ አልዋሸም። ካንሳስ ውስጥ ከመቶ 97 በላይ የሚሆነው መሬት የግል ነው። በ1785 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ያ ሁሉ አገር አንድ ማይል በአንድ ማይል በሆነ ካሬ ተሸንሽኗል፤ እያንዳንዱ ካሬ 640 ኤከር ነው። በ1862ቱ የሠፋሪዎች ሕግ ደግሞ የካሬው ሩብ፣ 160 ኤከር፣ ለአንድ አራሽ ሲሰጥ ኖሯል። የገጠሩ መንገድ የሚሄደው በካሬዎቹ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ የአገሬው ሰው አቅጣጫ ሲናገር ግራና ቀኝ አይልም፤ "አራት ማይል ወደ ምዕራብ፣ ሁለት ማይል ወደ ሰሜን" ይላል። መምሪያው ይህችን ቋንቋ ወርሷታል፤ ርቀቱም በትክክል የተለካ ነው። ይህንን አልነፍገውም።

ለማደር የተፈቀደ ቦታ በአብዛኛው የሚገኘው መንግሥት ለግድብ ብሎ መሬት በገዛበት ነው። ካንሳስ የተፈጥሮ ሐይቅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ትልልቆቹ ሐይቆች ሁሉ ሰው የገደባቸው ናቸው። ሣር ላይ ሣይህ ብሎ የመጣ ሰው መጽሐፉን ተከትሎ ሲሄድ ራሱን ሐይቅ ዳር፣ ጀልባ መሐል ያገኘዋል። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1962 የተጠናቀቀው የቱትል ክሪክ ግድብ፣ የሸለቆው ገበሬዎች ለዓመታት የተሟገቱበትና በመጨረሻ ትናንሽ ከተሞች ተነሥተው የሄዱበት ነው። በመምሪያው ውስጥ ስለዚያ ሐይቅ የምታገኙት የጀልባ ማውረጃውን ብዛት ነው።

የመጀመሪያው ማረፊያችን ዊልሰን ሐይቅ መሆን ነበረበት። አካባቢው ደስ ይላል። ዛፍ ስላልነበረ ሠፋሪዎቹ የአጥራቸውን ቋሚ ከኖራ ድንጋይ ጠርበው ነው ያቆሙት፤ ድንጋዮቹ እስከ ዛሬ መንገዱን ተከትለው እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በር ላይ ስንደርስ ግን ሞልቷል። ለወጉ ያህል ስንጠይቅ ለመኪናው አንድ ክፍያ፣ ለማደሪያው ደግሞ ሌላ ክፍያ እንዳለም ሰማን፤ መጽሐፉ የጻፈው አንዱን ነበር። ልጁ ስልኩን አመነና ሃያ ማይል ነዳን። ስልኩ "ዓመቱን ሙሉ ክፍት" ያለው ቦታ በሩ ላይ ሰንሰለት ተጋድሞበታል፤ ሣሩ ከሰንሰለቱ በላይ አድጓል። እቴቴ ከኋላ ወንበር ዝም ብላለች። የእቴቴ ዝምታ ከንግግሯ ይከብዳል።

ያዳነችን አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታየው የእህል ጎተራዋ ነው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት መንገደኛውን ይጠራል። በካንሳስ ገጠር ብዙ ትናንሽ ከተሞች መንገደኛ በከተማው መናፈሻ እንዲያድር ይፈቅዳሉ። ይህችኛዋም ውሃ መቅጃ፣ ሁለት ሶኬት፣ ከሲሚንቶ የተሠራ የሽንትና የገላ መታጠቢያ ቤት፣ እንዲሁም የብረት ሳጥን አላት። ሳጥኑ ላይ የፈቀዳችሁትን ጨምሩ ነው የሚለው። ጠባቂ የለም፤ ስም የሚመዘግብ የለም። መጽሐፉን ገልጬ ፈለግኋት፤ አለች። በአንድ መስመር፣ ያለ ኮከብ። "6 ቦታ፤ መዋኛ የለም።"

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ነፋሱ ድንኳናችንን ነቀነቀው። ልጁ ራዲዮ ከፈተ። የአየር ጠባይ ቢሮው ድምፅ የካውንቲዎችን ስም እየጠራ ይለፈልፋል፤ ይህ ካውንቲ እስከ ስምንት ሰዓት፣ ያኛው እስከ ስምንት ተኩል። ልጁ "ዋች ነው" ይላል፤ ቀጥሎ "ዋርኒንግ ነው" ይላል። ሁለቱንም ወደ አማርኛ ስመልሳቸው "ማስጠንቀቂያ" ሆኑብኝ። ልዩነታቸው ግን የሕይወት ነው። የመጀመሪያው "ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጅ" ነው፤ ሁለተኛው "ታይቷል፣ ተሸሸግ"። ያም ቢገባን ዋናውን አናውቅም፤ ያለነው በየትኛው ካውንቲ ነው? መጽሐፉን በባትሪ አገላበጥኩት። ከተማው አለ፣ አምፒሩ አለ፣ የካውንቲው ስም የለም። በዚህ አገር ላይ ማስጠንቀቂያ የሚነገረው በካውንቲ ነው፤ መምሪያው ግን በፊደል ተራ ነው የሚያውቀው። ይህ ቀልድ አይደለም። በዚሁ ክፍለ ግዛት ግሪንስበርግ የምትባል ከተማ በሜይ 4 ቀን 2007 ምሽት በቶርኔዶ ከመቶ 95 እጅ ገደማዋ ፈርሷል።

በዚያ መሐል የመኪና መብራት መጣብን። አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ፒካፕ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ሲሚንቶው ቤት እየጠቆሙ "ወደዚያ ግቡ፣ አሁኑኑ" አሉ። ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን አልጠየቁም። ወደ ቀጣዩ ድንኳን ነዱ። ሲሚንቶው ቤት ውስጥ ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ አንድ ብስክሌተኛና እኛ ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል የበረዶውን ውርጅብኝ አዳመጥን። እቴቴ ቆሎዋን አዞረች። ብስክሌተኛው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ወጣት ነው፤ ካንሳስ ውስጥ በየከተማው መናፈሻ ነው የሚያድረው። ቆሎውን ወደደው። ቶርኔዶው አልመጣም። ድንኳኑ ግን ተቀደደ።

ንጋት ላይ እቴቴ እንዲህ አለችኝ። "እዚያ ስሜን ስንት ጊዜ እንደጻፉት አልቆጥረውም። በካርድ ስንዴ፣ በካርድ ዘይት። ታምሜ ሦስት ቀን ስተኛ ግን ድንኳኔን የከፈተው የለም።" ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ልጁ ስልኩ ላይ አንድ የቆየ መጽሐፍ አወጣልኝ። ራንዶልፍ ማርሲ የተባለ የጦር ካፒቴን በ1859 ያሳተመው "ዘ ፕሬሪ ትራቭለር" ነው፤ በጋሪ ወደ ምዕራብ ለሚሻገሩ መንገደኞች የተዘጋጀ መምሪያ። መጨረሻው ላይ የጉዞ ሰንጠረዦች አሉት። ከዚህ ሰፈር እስከዚያ ሰፈር ይህን ያህል ማይል ይልና ሦስት ነገር እየደጋገመ ይናገራል፤ ውሃ አለ ወይስ የለም፣ ማገዶ አለ ወይስ የለም፣ ሣር አለ ወይስ የለም። እንጨት በሌለበት ጎሽ የጣለው ኩበት እንዳለ ይጠቁማል። ኩበቱን ለእቴቴ ሳነብላት "ይኼ ሰውዬ ገጠር ያደገ ነው" አለች።

የእኔ ዘመን መምሪያ በወረቀትም በቀለምም ከማርሲ ይበልጣል። ግን የማርሲ እያንዳንዱ መስመር ከሚመሽበት ሰው ጥያቄ ይነሣል፤ የዛሬው ከሚሸጥ ዕቃ። ኮከብ የሚሰጠው ለሚቆጠር ነገር ነው፤ ገንዳ ይቆጠራል፣ አምፒር ይቆጠራል። ሌሊት ፒካፕ አስነሥቶ የሚመጣ ሽማግሌ በምን ይቆጠራል? ማስታወቂያውም ያው ነው። ገጹን የሚገዛው ገንዳ ያለው ነው፤ የፈቃድ ሳጥን ያላት ከተማ ማስታወቂያ አታወጣም።

ማርሲንም ግን ማመስገን ብቻ ተገቢ አይሆንም። በእሱ መጽሐፍ የአገሩ ባለቤቶች የሚጠበቁ አደጋ ናቸው፤ ሰፈርህን ከእነሱ እንዴት እንደምትጠብቅ ይመክራል። ከሰዓት በኋላ የደረስንባት ካውንስል ግሮቭ የሳንታ ፌ መንገድ ነጋዴዎች ተሰባስበው፣ እንጨት ቆርጠው፣ ጋሪ አበጅተው የሚነሡባት ዛፋማ ሰፈር ነበረች። መንገዱ እንዲያልፍ ከኦሴጅ ሕዝብ ጋር ውል የተፈረመው እዚያ በ1825 ነው። የካንሳስን ስም የሰጡት የካው ሰዎች ከ1846 ጀምሮ በዚያው አካባቢ ተከልለው ኖሩ፤ በ1873 ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ምድር ተወሰዱ። የእኔ መምሪያ ይህን ሁሉ "ታሪካዊ" በምትል አንዲት ቃል ዘግቶታል። እንግዶች ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ አስተናጋጁ ወጥቷል።

ሣሩንም አየሁት። ፍሊንት ሂልስ ይባላል፤ የባልጩት ኮረብታዎች ልንላቸው እንችላለን። ድንጋዩ ላይ ላዩን ስለሆነ ማረሻ አልገባውም፤ በዚህ ምክንያት ተረፈ። በሰሜን አሜሪካ ከነበረው የረጅም ሣር ምድር ዛሬ የቀረው ከመቶ 4 እጅ ያነሰ ነው፤ አብዛኛው የቀረውም እዚህ ነው። በ1996 የተቋቋመ 11,000 ኤከር ገደማ የሆነ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ ጎሾች በ2009 ተመልሰውበታል። በመጽሐፉ በኩል ብትመለከቱት ግን ቦታው ባዶ ነው። እዚያ ማደር ስለማይፈቀድ መምሪያው ውስጥ አይገኝም። አልጋ የሌለው ነገር የለም ማለት ነው። እኛ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግራችን ሄድንበት። ነፋሱ ሲነካው ሣሩ እንደ ውሃ ይሄዳል። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ "ሣሩ እንደ ባሕር ነው" እያልኩ እንዳብራራሁ አስቤ አፈርኩ። ቃሉን ይዤ ነገሩን ሳላውቅ ነው ያስተማርኩት።

ያ ሥፍራ ያለበት ቼዝ ካውንቲ ይባላል። ሦስት ሺህ ሰው የማይሞላበትን ይህን አንድ ካውንቲ ዊልያም ሊስት ሂት-ሙን የተባለ ጸሐፊ በ1991 ከ600 ገጽ በላይ ጽፎበታል፤ "ፕሬሪ-ኧርዝ" ይባላል። መሬቱን በካርታው ካሬዎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ካሬ እየዞረ፣ ገበሬውን፣ ወንዙን፣ ካዎቹን፣ ጎርፉን ይመረምራል። ሁሉም መምሪያ 600 ገጽ ይሁን አልልም። ማንም መንገደኛ ሲመሽበት ያንን ሁሉ አያነብም። ግን ከስድስት መቶ ገጽና ከአንድ መስመር መካከል ስንት ቦታ አለ! እኔ የምለምነው አራት ቃል ነው፦ የካውንቲው ስም፣ የመሸሸጊያው ቤት፣ ውሃው የሚዘጋበት ወር፣ ሌሊት የሚጠራው ሰው።

እዚህ ላይ አገር ቤት ያለው አንባቢዬ "ይኼ የፈረንጅ ችግር ነው፤ እኛ ዘንድ ቤት ለእንግዳ ነው" ሊለኝ ይችላል። እኔም ብዬው አውቃለሁ። ሲራራ ነጋዴዎቻችን ውሃውንና ሣሩን እንደ ማርሲ ያውቁት ነበር፤ የመሸበት ሰውም በየደጁ "የእግዜር እንግዳ" እያለ አድሯል። ግን ዛሬ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ያመለጠው፣ ለአልጋ የሚከፍለው የሌለው መንገደኛ የት እንደሚያድር የትኛው ከተማችን አስቦለታል? ውሃ መቅጃና መብራት ያለው አንድ ጥግ፣ የፈቃድ ሳጥን ያለው? እንግዳ ተቀባይነታችንን በየሰው ልብ ውስጥ ትተነው ከተማ ላይ አላሰፈርነውም። ልበ ደግ ያጋጠመው ያድራል፤ ያላጋጠመው በረንዳ ላይ ይነጋለታል። ያቺ የካንሳስ ከተማ ደግነቷን ሲሚንቶ አድርጋዋለች።

ወደ ዴንቨር ስንመለስ መጽሐፉ እቴቴ እጅ ነበር። መነጽሯን አድርጋ የሆነ ነገር ስትጽፍበት አየኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አዲስ አበባ ደርሼ ሻንጣዬን ስፈታ ነው ያገኘሁት። ያቺ ኮከብ የሌላት ከተማ ባለችበት ገጽ፣ ሽማግሌው ጠዋት የነገሯትን የካውንቲውን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፋለች። ሥሩ ደግሞ፦

"ሲሚንቶው ቤት ከውሃው በስተግራ። በሩ አይቆለፍም። ሰው ይመጣል።"